ለቅጠል የተገዛ አረቄ

የትምህርት ቤታችን አልኮል ስላለቀ፣ ለከሰዓቱ የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜዬ አረቄ ልገዛ ፒያሳ ሄድኩ። ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ምግብ እንደሚሠራ ለተማሪዎቼ ለማሳየት፣ መጀመሪያ አረንጓዴ ቀለሙን በአልኮል ማስለቀቅ ነበረብኝ። ሂጃቤን ወደ ፊቴ ስቤ ከአረቄ ቤቱ ስወጣ አባቴ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ወላሂ አባባ፣ ለቅጠል ነው!»

«ቅጠል ከመቼ ወዲህ ነው አረቄ የሚጠጣው?»

ደሜ ፈላ። «ይምጡና ይዩ!» ብዬ ክፍል ድረስ ወሰድኳቸው።

ቅጠሉ ባሞቅኩት አረቄ ውስጥ ነጣ። አዮዲን ጠብ ሳደርግበት፣ የሠራው ምግብ በውስጡ ስለነበር ጠቆረ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። አባቴ ግን ዓይናቸውን ከጠርሙሱ ላይ አልነቀሉም።

«ማሻአላህ» አሉ በመጨረሻ። «የተረፈውንስ ማን ሊጠጣው ነው?»