ከጣሪያ የተሰቀለችው የጦር መርከብ

ሲግነ ልጇ የተቀበረበት አፈር የላትም። የሌላው ሰው እናት እሁድ እሁድ ከጸሎት በፊት የልጇን መቃብር ጠጠር ስታስተካክል፣ የጠወለገውን አበባ ስትለውጥ፣ ሲግነ እጇን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከትታ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ትቆማለች። የምታስተካክለው ጠጠር የላትም።

ቪላስ ለባሕር ኃይል የተጠራው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው። አልቋልና ምን ይሆናል ተባለ። ግን ጦርነቱ ማለቁን ፈንጂው አልሰማም፤ ባሕሩ ውስጥ እንደተቀመጠ ይጠብቅ ነበር። የእሱ መርከብ ደግሞ ያንኑ ፈንጂ ለቃሚ፣ በባሕር ወፍ ስም ቴርነን ያሏት ትንሽ ግራጫ የጦር መርከብ ነበረች። ለእረፍት መጥቶ ሥራህ ምንድን ነው ስትለው፣ "እማዬ፣ እስካሁን ያገኘሁት ጠላት ድንች ብቻ ነው፤ ከኋላ ቁጭ ብዬ ስልጥ ነው የምውለው" ብሎ አስቋት ነበር። በተመለሰ በሁለተኛው ወር መርከቧ ፈንጂ ላይ ወጣች። አንዳንዱ ተረፈ፣ የአንዳንዱ ሬሳ ተገኘ። ቪላስ አልተገኘም።

መቼም ሬሳ ያላየች እናት እርሟን አታወጣም። ሲግነ ሁለት ክረምት ሙሉ የበሩን መቀርቀሪያ ሳትዘጋ ነው የተኛችው። ባሏ ላውሪትስ የጀልባ አናጢ ነው፤ ዱሮም ቃል የሚቆጥብ ሰው፣ ከዚያ ወዲህ ጭራሽ ዝም አለ። አንድ ምሽት ጥቁር ዳቦና የተጨሰ ዓሣቸውን እየበሉ፣ ከሳህኑ ቀና ሳይል፣

"እሠራታለሁ" አለ።

"ማንን?"

"የእሱን መርከብ። ለቤተ ክርስቲያን።"

በደሴቱ ይህ የቆየ ልማድ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከጣሪያው ሦስት ትንንሽ መርከቦች በሰንሰለት ተንጠልጥለዋል፤ ሦስቱም መድፍ የደረደሩ የጥንት የጦር መርከቦች፣ ሸራቸው የተወጠረ፣ አፍንጫቸው ወደ መሠዊያው። ሲግነ ማንኪያዋን አስቀመጠች። እሁድ መጥታ ቀና ብላ ልጇን የምታይበት አንድ ቦታ ይኖራታል ማለት ነው። ያን ማታ መቀርቀሪያውን ዘጋችው።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ማጉረምረማቸው አልቀረም። "ሸራ የሌላት ግራጫ ብረት፣ ምኗ ይታያል?" ተባለ። ቄሱ "የሚታየው ለልጁ ወላጆች ነው" ብለው ዝም አሰኟቸው።

ላውሪትስ ዋና ከተማው ድረስ ሄዶ የቴርነንን እህት መርከብ ከጫፍ ጫፍ ለክቶ መጣ። ከዚያ በኋላ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ለምግብ አልሆነም። አካሏን ከዋንዛ በሚጠነክር የኦክ እንጨት ጠረበ፤ የመልሕቋን ሰንሰለት ከናስ ሽቦ ቀለበት በቀለበት አጠፈ፤ የመስኮቶቿን መከለያ፣ የመድፏን እጀታ፣ የጀልባዎቿን መቅዘፊያ ሁሉ አወጣላት። ሲግነ ደግሞ የልብስ ስፌት ክር በሰም እያሸች ገመዱን ገመደች። ባንዲራዋን ከሙሽርነት ቀሚሷ አንገት ላይ ቆርጣ ሰፋች። "ክሩን አቀብዪኝ"፣ "መብራቱን ወዲህ አድርገው" ሲባባሉ፣ በዚያው መነጋገር ጀመሩ።

አሮጌው ኤስበን፣ ሦስተኛዋን መርከብ በወጣትነቱ የሠራው፣ አንድ ቀን ሊያይ መጣ። ምርኩዙን ተደግፎ ዞራት።

"ሆዷ በዛ፣ ላውሪትስ። ቀንስላት።"

"ልኳ ነው።"

"ልኳ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩህ? የምትሰቀል መርከብ በልክ አትሠራም። ከላይ ያለውን አግንን፣ ከታች ያለውን ጥረብ። ሰው እኮ ከሥር ሆኖ ነው የሚያያት። የእኔዋን መድፎች አላየህም? የጥጃ ቀንድ ያክላሉ።"

"የአንተዋማ መርከብ አይደለችም፣ ዳክዬ ናት።"

"ዳክዬም ብትሆን ትታያለች።"

ላውሪትስ አልሳቀም። "ልጄ የሞተባት መርከብ ላይ አልዋሽም" አለ።

ኤስበን ወደ ሲግነ ዞረ። "ባልሽን ምከሪው እንጂ፣ ግትር ነው።"

"ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር ዛሬ ለእኔ ነው የምትነግረኝ?" አለችው፤ ግን እሷም በልቧ ከባሏ ጋር ነበረች። ልጇ የቆመባት መርከብ ለምን ትጉደል? ሽማግሌው ትከሻውን ነቅንቆ፣ ከሳህኑ አንድ ዓሣ አንስቶ ሄደ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ሲግነ፣ "ሰው የለባትም" አለች።

"የምትሰቀል መርከብ ላይ ሰው አይደረግም። ልማዱ አይደለም።"

"በልማዱ ከሆነማ ሆዷንም ቀንስላት።"

ይህን ብላ ወጣች። ላውሪትስ እንቁ የሚመስል ነጭ እንጨት መርጦ፣ የጣት አንጓ የሚያህል ሰው ቀረጸ። ከኋላ ወለል ላይ ባልዲ አስቀመጠለትና አጠገቡ ዱካ ላይ አስቀመጠው፤ አጎንብሶ ድንች ይልጣል። ሲግነ ስታየው ጣቷን ልሳ ከትከሻው ላይ የእንጨት ብናኝ አነሳችለት።

የምትሰቀልበት እሁድ ደሴቱ በሙሉ ወጣ። ከቴርነን የተረፉ አራት መርከበኞች መርከቧን በቃሬዛ ተሸክመው ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አመጧት። ሰው እየተጠጋ መስኮቶቿን ያያል፣ ባልዲውን ለልጆቹ ያሳያል። ሲግነ ያን ቀን ራሷን ቀና አድርጋ ነው የሄደችው። እንዲያ ሆና ከታየች ስንት ጊዜዋ ነበር!

ቄሱ ባረኩ። ሰንሰለቱ ተሳበ፤ መርከቧ ቀስ እያለች ከሰው ራስ በላይ ወጣች። ሲግነ ዓይኗን ከልጇ ላይ አልነቀለችም። መጀመሪያ ባልዲው ተሸፈነ። ቀጥሎ ጉልበቱ፣ ቀጥሎ ያጎነበሰው ራሱ ከወለሉ ጠርዝ ጀርባ ገባ። ከዚያ የመርከቧ ግራጫ ጎን ብቻ ቀረ፣ ከዚያም ጎኗም ተሰወረ። ሰንሰለቱ ሲቆም ከላይ የሚታየው ቀይ ሆዷና ውሃ የሚገፉት ሁለቱ የናስ ክንፎቿ ነበሩ፣ ትልቅ፣ ልሙጥ ሆድ፣ በልኩ የተሠራ።

ሕዝቡ መዝሙር ጀመረ። ሲግነ አልዘመረችም።

"ላውሪትስ።"

"እ?"

"ቪላስ መጨረሻ ላይ ያያት እንዲህ ነው። ከሥር ሆኖ።"

ላውሪትስ ቀና ብሎ አየ። 

በማግስቱ ኤስበንን ይዞ ባዶው ቤተ ክርስቲያን ገባ።

"ላውርዳት" አለው።

"የተሰቀለች መርከብ አትወርድም። መርከብ የወረደበት ዓመት ባሕሩ ምትክ ይጠይቃል ይላሉ። አንተና እኔ ባናምን፣ የጎረቤቶችህ ልጆች ባሕር ላይ ናቸው። ማን ይፈቅድልሃል?"

"እሺ፣ አንዱን ሰንሰለት ላሳጥርና በጎን ላዘንብላት። የመርከቧ ወለል ለሲግነ እንዲታያት።"

ኤስበን መልስ ከመስጠቱ በፊት ባርኔጣውን አወለቀ። "በጎኗ ያዘነበለች መርከብ ምን እየሆነች ነው፣ ልጄ?" አለ፣ በዝግታ።

ላውሪትስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ኤስበን ነግሬህ ነበር አላለም። ጎኑ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ሲግነ ጸሎት ላይ አንገቷን እንደደፋች ነው። የማያውቅ ሰው እንዴት ያለች ጸሎተኛ ይላታል። ግን በዓመት አንዴ፣ ለጰራቅሊጦስ፣ መርከቦቹ አቧራቸው ይጠረጋል። ሥራው የደወል ደዋዩ ሚስት የዳውማር ነው። ሲግነ ሄዳ፣ "የእኔዋን እኔ ልጥረጋት" ብላ ለመነቻት። መሰላል ቆመ፤ ላውሪትስ ከታች ያዘው። ወጣችና ቆየች፣ በጣም ቆየች።

"ውረጂ እንጂ፣ ጉልበትሽ!"

"ዝም ብለህ ያዝ።"

ስትወርድ ጨርቁን በእጁ ላይ አኖረችው። "ጥፍሩን ሳይቀር ሠርተህለታል" አለች።

"ሠርቻለሁ።"

"ማን እንዲያየው?"

ቁጣ የለበትም፣ እንዲሁ ጠየቀችው። ላውሪትስ መሰላሉን አጥፎ ትከሻው ላይ አደረገ።

በዓመቱም፣ በሌላውም ዓመት እየወጣች ጠረገችው። ኋላ ጉልበቷ እምቢ አለና ሥራው ወደ ዳውማር ተመለሰ። ሲግነ ግን ቀኑን አትስትም። መጥታ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ፣ መሰላሉ ላይ ላለችው ሴት፣

"እንዴት ነው?" ትላታለች።

"ደህና ነው፣ ሲግነ። ደህና ተቀምጧል።"

"ጀርባውን ጥረጊለት።"

"እሺ፣ ጠረግኩለት።"

ዳውማር ይህን ብላ ጨርቁን አፏ ላይ ትይዛለች፣ ልቅሶዋ እንዳይሰማ። ሲግነ "ተባረኪ" ብላ ወንበሩን ይዛ ትነሳለች፤ ላውሪትስ ክንዷን ይይዛትና፣ በወደቡ በኩል ቅርብ ሆኖ ሳለ፣ ባሕሩ በማይታይበት በእርሻው ዞረው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።