ያልወጣላት ስም

የታናሽ ወንድሙ ሚስት የወለደች ዕለት መጽሐፍ ጠራዡ ሱቁን ዘግቶ፣ እጁ ላይ ሙጫ እንዳለ ወደ ማዋለጃው ሄደ። ታናሽየው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ያለ ታላቁ ቃል አንዳች ነገር አይወስንም፤ ባልደረቦቹ «ይሄ ጋሼ ካልፈቀደለት ፍሬን እንኳ አይዝም» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። የዚያን ቀን ግን ሕፃኗን አቅፎ፣ «አስጢን ልላት ነው» አለ።

ጠራዡ ፊቱን አጠቆረ። አስጢን የፋርሱ ንጉሥ ወይን ጠጅ ሞቅ ሲያደርገው ውበቷን ለእንግዶቹ ሊያሳይ ቢያስጠራት፣ አልመጣም ብላ ዘውዷን ያጣችው ንግሥት ናት። «በቦታዋ የነገሠችው አስቴር እያለች የተባረረች ሴት ስም ታወጣለህ?» አለው። ሹፌሩ ሊመልስ አፉን ከፈተና ተወው። አራሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጅቷም አስቴር ተባለች።

አድጋ ትምህርቷን እንደጨረሰች አንድ ወረቀት ነጋዴ፣ የጠራዡ ደንበኛ፣ ላግባት አለ። አባቷ ታሞ አልጋ ላይ ስለነበር ነገሩን ሁሉ የያዘው አጎትየው ነው። ልጅቷ እሺም እምቢም አላለች፤ እሱም ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጠረው። አባቷ ሠርጓን ሳያይ አረፈ። እሷም ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ሻንጣ አንጠልጥላ እናቷ ቤት ተመለሰች። ምን እንደደረሰባት ለማንም አልተናገረችም፤ ግራ ጆሮዋ ግን ከዚያ ወዲህ በደንብ አይሰማላትም።

ጠራዡ ካረጀ በኋላ አንዲት የጥንት ቋንቋ አስተማሪ ገጹ የተበታተነ መጽሐፍ ልታስጠርዝ መጣች። እሱ ሲሰፋ እሷ ወንበር ስባ ታወራዋለች። በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስንት የፋርስ ስም እንዳለ አጫወተችው። አስጢንን ያባረረው ንጉሥ ስም በገዛ ቋንቋው «በጀግኖች ላይ የሚገዛ» እንደማለት ነው፤ በመጽሐፈ ዕዝራ ያለው ሚትሪዳጡ ደግሞ «የሚትራ ስጦታ»፣ ሚትራም የፋርሶች አምላክ ነው። አስቴርን ብዙዎች «ኮከብ» ብለው ይፈቱታል፤ ከባቢሎን ጣዖት ስም ጋር የሚያያይዙትም አሉ።

«አስጢንስ?» አላት፣ ቀና ሳይል።

«ቁርጡን የሚያውቅ የለም። አንዳንዶቹ ግን ‹ከሁሉ የተሻለች› ማለት ነው ይላሉ።»

መርፌውን ስፌቱ ላይ ሰክቶ ተወና፣ በማግስቱ ወደ ወንድሙ ቤት ሄደ። የወንድሙ ሚስት ምስር ትለቅማለች፤ ልጅቷ ጠረጴዛ ላይ ልብስ ትተኩሳለች። የሰማውን ሁሉ ነገራቸው። ወንድሜ የመረጠላት ስም እንዲህ ያማረ ነበር ለካ፣ እኔ ነኝ ያስቀረሁባት አለ።

የወንድሙ ሚስት ሰፌዱን ጭኗ ላይ አሳረፈች። «እሱ ትርጉሙን መቼ አውቆት! የወደደው ንግሥቲቱ እምቢ ማለቷን ነው። ልጄም ያልፈለገችውን እምቢ የምትል ትሁን ብሎ ነው።»

ታዲያ ለምን አልነገረኝም ቢላት፣ «ለእርስዎ እምቢ ማለት መቼ ያውቅበት ነበር?» አለችው።

ልጅቷ ካውያውን አቁማ ደህናውን ጆሮዋን ወደ እሱ አዞረች። «ጋሼ፣ ስሙ እንኳ ይቅር። ያ ሰውዬ ሊጠይቀኝ የመጣ ቀን ‹አንቺስ ምን ትያለሽ?› ቢሉኝ ይበቃኝ ነበር።»

ጠራዡ ይቅርታ ጠየቃት። ሰምታዋለች፤ ግን የቀረውን ልብስ አንድ በአንድ እየተኮሰች ማጠፍ ያዘች። እሱም እንደተቀመጠ ቆየ፤ ሂድም፣ ቆይም ያለው የለም።