የሽማግሌው ደም የሰጠው ቃል

ሽማግሌው ኪየቭ ወደሚገኘው ላቦራቶሪ የመጡት የክት ኮታቸውን ለብሰው ነበር። የቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ የፈነዳ ጊዜ ለጽዳት ከዘመቱት አንዱ ናቸው። ከሳምንታት በፊት ደም በሰጡ ዕለት ስለ ሕመማቸው አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ፣ ስለ ድንች ማሳቸው ብቻ ሲያወሩ ቆይተው ሄዱ።

የላቦራቶሪው ተመራማሪ ሚሮስላቫ ደማቸውን ለሳምንታት በማይክሮስኮፕ መረመረች። በጨረር ተሰብረው ያለቦታቸው የተጋጠሙትን ክሮሞዞሞች ቆጥራ፣ ያኔ ያገኛቸውን የጨረር መጠን ገመተች። በወታደር ደብተራቸው ከተጻፈው አራት እጥፍ ሆነ።

«አባባ፣ ደብተሩ ልክ አይደለም» አለቻቸው ዛሬ።

«መሣሪያችሁ ተሳስቶ ይሆናላ፣ የኔ ልጅ።»

«ሁለት ጊዜ ነው የቆጠርነው።»

መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ደጋግመው ጠረጉት።

«ከጣቢያው ጣሪያ በወረድን ቁጥር ያገኘንን ጨረር የሚመዘግብልን ጓደኛዬ ነበር። ‹አይዞህ፣ የተፈቀደልህ ገና አልሞላም› እያለ መልሶ ይልከኛል። አገር ቤት ስንመለስ ልጄን ክርስትና ያነሳልኝም እሱ ነው።»

«በሕይወት አሉ?»

«ታች መኪናው ውስጥ እየጠበቀኝ ነው። እሱ ነው ያመጣኝ።»

ሚሮስላቫ የውጤቱን ወረቀት አቀበለቻቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱና ብድግ አሉ። ደረጃው አፋፍ ላይ ሲደርሱ ግን ቆም ብለው ወደ እሷ ዞሩ።

«የኔ ልጅ፣ በጓሮ በኩል መውጫ አላችሁ?»