የአሮጌው ፍርድ ቤት ማዕዘን

ላሊበላ የመጣ እንግዳ ከአለት የተፈለፈለውን ሲያይ ይውላል፤ የወረዳችንን አሮጌ ፍርድ ቤት ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እኔ ግን እወደዋለሁ። ጥርብ ድንጋይ በጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ከፊቱ ባለጉዳይ የሚቀመጥበት ረጅም የድንጋይ መደብ። እሱ ሳይሠራ በፊት ችሎት የሚዋለው ወይራ ሥር ነበር አሉ። ኋላ የአገሬው ሰው ድንጋዩን ተሸክሞ አመጣ፣ ግንበኞች አቆሙት። ከግንበኞቹ ሁለቱ አባቴና ታላቅ ወንድሙ ነበሩ።

እነዚሁ ሁለቱ ናቸው እንግዲህ በስተርጅና ለአንዲት ቁራሽ የድንበር መሬት ተካሰው እዚያው ደጃፍ የተመላለሱት። ሽማግሌ ቢላክ፣ ቄስ ቢለምን፣ ወይ ፍንክች! የእኔ ሰርግ ደግሞ ደርሷል። አባቴ በግንብ ሥራ አገር ለአገር ሲዞር ያሳደገኝ አጎቴ ነው፤ እሱ ሳይመርቀኝ ከቤት ልወጣ ነው። ንድድ አለኝ። የቀጠሯቸው ቀን ተከትያቸው ሄድኩ፤ ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም ነበር።

መደቡ አንድ ስለሆነ ከሳሽም ተከሳሽም እዚያው ነው የሚቀመጠው። መሃላቸው ገባሁ። አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ዞሩ። መሃላቸው መቀመጡ ሲያስጨንቀኝ አጠገባችን ያለው የቤቱ ማዕዘን ተሰንጥቆ አየሁና፣ ይሄ ደግሞ መቼ ተሰነጠቀ አልኩ፣ እንዲሁ ለአፌ ያህል።

አባቴ ድሮም የጎኑ ግድግዳ ተቸኩሎበታል አለ። የጎኑን የገነባው አጎቴ፣ ማዕዘኑን ደግሞ እሱ ራሱ ነዋ! አጎቴም ግድግዳውን እያየ፣ ማዕዘን በረጃጅም ድንጋይ ወዲህና ወዲያ እያፈራረቁ ይቆለፋል እንጂ የተገኘው ሁሉ አይደረደርበትም አለ። አባቴ ተነሳ። አጎቴም ተነሳ። ስንጥቁን በከዘራ እየነካኩ የማን ድንጋይ እንደከዳ ሲሟገቱ፣ ለዓመታት የእግዜር ሰላምታ የተነፋፈጉ ሰዎች አይመስሉም። ችሎት አስከባሪው ተጣራ፤ ማን ሰምቶት!

በመጨረሻ አጎቴ አባቴን ከላይ እስከ ታች አየት አደረገው።

«እንዲህ አድርጎ ማዕዘን የገነባ ሰው ነው የልጄን የሰርግ ዳስ የሚተክለው?» አለ። «እንዳትነካው። እኔ መጥቼ እተክለዋለሁ።»

አባቴ ጋቢውን ሰብስቦ ተመልሶ ተቀመጠ።

«እንጨቱማ ከተቆረጠ ቆየ» አለው ቀስ ብሎ። «አንተን ነው የምንጠብቀው።»

እኔ እዚያው ባለጉዳዩ ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ።