ጥሩሰው የፈረመው ይቅርታ

ጥሩሰው ቀኝ እጁን ከጃኬቱ ኪስ አያወጣም። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ወንድም፣ ጠጋ በልና እጅህን ሰብስብ» ብሎ ቢጮህበት እንኳ አያወጣውም። እኔ ቤት ሲገባ ብቻ ያወጣውና የሰው ዕቃ እንደተረከበ ሁሉ በጥንቃቄ ጠረጴዛው ላይ ያኖረዋል። አውራ ጣቱ ይንቀሳቀሳል። የቀሩት አራቱ ወደ መዳፉ ታጥፈው ቀርተዋል።

ከእሱ በፊት በሰፈራችን ባሕር ላይ የሠራ ሰው አልነበረም። አባቱ አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ ሞተር በጆሯቸው የሚመረምሩ መካኒክ ነበሩ። ልጁም ያንኑ ይዞ የመርከብ ሥልጠና ጨረሰና በአንድ ወኪል በኩል የውጭ ጭነት መርከብ ላይ ተቀጠረ። አብሮት የተቀጠረው የአስኮው ልጅ ኢብራር ነበር። ሁለቱን የሸኘናቸው ዕለት የጥሩሰው እናት እትዬ ወለተጻድቅ «ዋና እንኳ አይችልም እኮ!» እያሉ ሲስቁና ሲያለቅሱ ትዝ ይለኛል።

በስምንተኛው ወር የመርከቡ ዋና መሐንዲስ «ያንን ፓምፕ ክፈትና አጽዳ» ብሎ አዘዘው። ኢብራር ባትሪ ያበራለት ነበር። እጁ ፓምፑ ውስጥ ሳለ ያው መሐንዲስ ሥራው ያለቀ መስሎት ማስነሻውን ተጫነ።

በሦስተኛው ቀን መሐንዲሱ ጥሩሰው ወደተኛበት የወደብ ከተማ ሆስፒታል መጣ። ቆቡን አውልቆ አልጋው ሥር ተንበረከከ። የሦስት ልጆቹን ፎቶ አሳየው። ነገሩ ከታወቀ የሙያ ፈቃዱን እንደሚነጥቁት ነገረው፤ ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ ጋሽ ተክለማርያም ትዝ አሉኝ» አለኝ ጥሩሰው።

ጋሽ ተክለማርያም አባቴ ናቸው። በሕይወት ሳሉ የተጣላ ሁሉ እኛ ግቢ ይመጣ ነበር። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ ይላል፤ ተበዳይ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል፤ በቃ። ከዚያ በኋላ ነገሩን መልሶ ያነሳ ሰው አባቴ ዘንድ ሰላምታ እንኳ አያገኝም ነበር። ጥሩሰው ልጅ ሳለ አጥራችን ሥር ተቀምጦ ይህን ሲያይ ነው ያደገው።

እናም አልጋው ላይ እንዳለ፣ በአማርኛ፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለው። ሰውዬው ምን እንደተባለ ባይገባውም እጁን ሳመው። በማግስቱ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። «ትእዛዝ ጥሼ፣ ማንም ሳይልከኝ፣ ፓምፑን በገዛ ፈቃዴ ከፈትኩ» ይላል። ጥሩሰው በግራ እጁ ፈረመ። እርቅ ያለ ምስክር አይሆንም ብሎም ኢብራርን ራሱ አስጠርቶ አስፈረመው።

«ሳታነበው ነው?» አልኩት።

«አነበብኩት እንጂ። ውሸት መሆኑንም አውቃለሁ። ሰውዬውን ላድነው ብዬ ነው። ሕክምናዬን ያስከለክለኛል ብዬ መች ጠረጠርኩ?»

አገር ከገባ በኋላ ዘነበወርቅ ሆስፒታል ያየው ሐኪም ጅማቶቹን የሚያያይዝ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ጣቶቹ ሊፈቱ እንደሚችሉ ነገረው። ግን እስከ ፋሲካ ነው፤ ከዚያ ካለፈ መገጣጠሚያዎቹ ይደርቃሉ። የእንዲህ ያለ ሕክምና ዋጋ ለእሱና ለእናቱ የማይታሰብ ነው። የቅጥር ውሉ ላይ ደግሞ እስኪድን የሚያሳክመው ኩባንያው ነው ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። ጻፍንላቸው። የፈረመውን ወረቀት ቅጂ ላኩልን።

አየር ጤና አንድ ፋርማሲ ፎቅ ላይ ቢሮ ያላት ጠበቃ ሀዊ ሁለቱንም ወረቀት አነበበችና መነጽሯን አወለቀች።

«ጋሽ መሸሻ፣ ይሄ ልጅ የሚያስፈልገው ጠበቃ ነው ቄስ?» አለችኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «ስማ፣ ‹ተዘናግቼ ነው› ብለህ ብትፈርም እንኳ በዚህ ውል ሕክምናህ አይቀርብህም ነበር። አንተ ግን ‹ትእዛዝ ጥሼ በገዛ ፈቃዴ› ነው ያልከው። ውሉ ሕክምና የሚከለክልህ በዚህ ብቻ ነው፤ ፈልገህ አገኘኸው!»

«እውነቱን አሁን ብጽፍስ?»

«ትጽፋለህ። እነሱም የመጀመሪያውን ነው የምናምነው ይሉሃል። የፈረመው ምስክር ቃሉን ካልቀየረ ይዘን የምንቆምበት ነገር የለንም።»

ጻፍን። እንዳለችውም መለሱ። ለፋሲካ አምስት ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ቤት ተቀምጠን ኢብራር ጋ ደወልን። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው።

«አቦ ጥሬ! በሕይወት አለህ? ያንተን አልጋ የያዘው ሰውዬ ሲያንኮራፋ ከሞተሩ ይብሳል፣ ወላሂ! ናፍቀኸናል።»

ጥሩሰው ሳቀ። ከዚያ ጉዳዩን እየተንተባተበ ነገረው። ከወዲያ በኩል በር ሲዘጋ ተሰማ።

«ጥሬ…» አለ ኢብራር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አለቃዬ እኮ አሁንም ያው መሐንዲስ ነው። በሚቀጥለው ወር ውሌ ይታደሳል። ከተናገርኩ በመጀመሪያው ወደብ ነው የሚያራግፉኝ። እህቴን የማስተምራት በዚህ እንደሆነ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«አልናገርም ግን አላልኩም። ያን ቀን ፈርም ያልከኝ አንተ ነህ፤ ፈረምኩ። ዛሬም ተናገር ካልከኝ እናገራለሁ። አንተ ብቻ በለኝ።»

ጥሩሰው ቀና ብሎ አየኝ። «በለው» አልኩት በከንፈሬ። በእጄም ጠቆምኩት። አምስት ሳምንት ቀርቶናል፤ አንዲት ቃል ናት።

«ጥሬ? አለህ?»

«አለሁ።» ዓይኑን ወደ እጁ መለሰ። «ተወው ኢቡ። አትናገር። ይቅር ብዬሃለሁ።»

ስልኩን ለመንጠቅ ተነሳሁ፤ በግራ እጁ ቀድሞኝ ዘጋው። እኔ መልሼ ደወልኩ። ሁለቴ ጠራ፣ አልተነሳም። በሦስተኛው ስልኩ ጥሪ አይቀበልም አለኝ።

ልጮህበት አፌን ከፈትኩ። ግን ምን ብዬ? የተማረው እኛ ግቢ ነው።

«ተቆጡኝ አይደል፣ ጋሼ?»

የታጠፉትን ጣቶች በግራ እጁ ሰብስቦ ወደ ኪሱ መለሳቸው። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ለእናቴ ኢብራር ስልኩን አላነሳም በሏት። እባክዎን። እኔ ከነገርኳት ፊቴን አይታ ታውቃለች።»

እትዬ ወለተጻድቅ ከአጥሩ ወዲያ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው ይጠብቁ ነበር። ልጃቸው ጎንበስ ብሎ ሲያልፋቸው ጥለውት ወደ እኔ መጡ።

«ምን አለ ያ የአስኮው ልጅ? እመሰክራለሁ አለ?»

«አላነሳም፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ነገ ያነሳ ይሆናል» አሉኝ። «ነገም ይሞክሩለት፣ ጋሽ መሸሻ።»

እሞክራለሁ አልኳቸው።