ሽማግሌ የተላከለት ቁጥር

ለቲቸር ከድር ተማሪዎችና ወዳጆች ሁሉ፤

የፊዚክስ መምህራችን ቲቸር ከድር ማክሰኞ ጠዋት ሮቤ በቤታቸው አረፉ። በዚያው ዕለት ከዐሱር ሶላት በኋላ ቀበርናቸው። እኔ መጀመሪያ ተማሪያቸው፣ ኋላም ባልደረባቸውና ጎረቤታቸው ነበርኩ። ስለ ሟች ክፉ አይወራም ይባላል፤ ግትርነታቸውን ካልጻፍኩ ግን የጻፍኩት ስለ ሌላ ሰው ነው።

ጡረታ እንደወጡ ሁላችን የምንጠቀምበትን ነፃ ኢሜይል ናቁት። ከቴሌቪዥናቸው ሥር አሮጌ ኮምፒውተር ገትረው በራሳቸው ስም የኢሜይል ሰርቨር አቋቋሙ። «ደብዳቤዬን በሰው ፖስታ ቤት አልልክም!» ይሉ ነበር። በየሳምንቱ ለእያንዳንዳችሁ ጻፉ፤ አንዳችሁም አልመለሳችሁም። አንድ ቀን ብገባ አንገታቸውን ደፍተው አገኘኋቸው።

«ልጆቼ ረሱኝ» አሉኝ።

የእኔን ኢሜይል ስንፈትሽ የሰባት ወር ደብዳቤያቸው ከሎተሪ አጭበርባሪዎች መልእክት ጋር ቆሻሻ ሣጥን ውስጥ ተጥሎ ተገኘ። ለካ ተቀባዩ ሰርቨር የላኪውን የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር ስምህ ማን ነው ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ካጣ ደብዳቤውን ይጥላል፣ አለዚያም «አንቀበልም» ብሎ ይመልሳል። የቲቸር ቁጥር ስም አልነበረውም። ሪቨርስ ዲኤንኤስ የሚሉትን ይህን ምዝገባ የሚያደርገው ደግሞ ቁጥሩን የሰጠው የኢንተርኔት ድርጅት ብቻ ነው።

ሦስት ጊዜ ማመልከቻ ይዘው ወደ ድርጅቱ ቢሮ ሄዱ። ሦስቴም «ሞደሙን አጥፍተው ያብሩት» ተባሉ። «ኤሌክትሪክ ያስተማርኩት ልጅ ማጥፋትና ማብራት አስተማረኝ!» እያሉ ተመለሱ።

በአራተኛው ሽማግሌ ላኩ። የጊኒሩን የከብት ነጋዴ ሐጂ አልዪን፣ አንድ የሰፈራችንን አዛውንትና ለማስረዳት ያህል እኔን። ሥራ አስኪያጁ ደንግጦ ወንበር አቀረበ።

«አንቀመጥም» አሉ ሐጂ፣ ልጅ ለመጠየቅ እንደሄደ ሰው ከዘራቸውን ተደግፈው። «ቁጥርህን ለወንድማችን ሰጠኸው፤ ስም ግን አላወጣህለትም። ስም የሌለው መልእክተኛ ቢያንኳኳ ማን ይከፍትለታል?»

«ዱጋዳ!» አለ ሰልፈኛው ሁሉ፣ እውነት ነው ለማለት።

«አባቶቼ፣ በአላህ ይቀመጡልኝ!»

«ስሙ ሲወጣ እንቀመጣለን።»

ሽማግሌ ቆሞ እሱ አይቀመጥ ነገር፣ ቆሞ አዲስ አበባ ደወለ። «ሽማግሌዎች ቆመውብኛል!» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ከሰዓት በፊት ተመዘገበ። ሐጂም «እደግ፣ ተመንደግ» ብለው ቁጥሩን መረቁት።

በሳምንቱ መልሳችሁ ጎረፈ። ቲቸር እያንዳንዱን ጮክ ብለው አነበቡልኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ የፊደል ስሕተታችሁን አርመው መለሱላችሁ።

ቲቸር፣ አላህ በጀነት ይቀበልዎ። የሞትዎን ዜና ከርስዎ ሰርቨር ላይ ለሁሉም የላክሁት እኔ ነኝ። ሁሉም ጋ ደረሰ። በግትርነትዎ ስስቅ የኖርኩት ሰውዬ፣ ያን ዕለት ስክሪኑ ፊት ቁጭ ብዬ አንዱ ሰርቨር እንኳ ሞትዎን «አንቀበልም» ብሎ ቢመልሰው ብዬ ጠበቅሁ።