መንጋጋ ቆልፍ ይዞኝ ሙዚቃ የተከለከልኩ ጊዜ

መጀመሪያ ያስቸገረኝ «አልበም» የሚለው ቃል ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጅማ፣ ቦሳ አዲስ በሚባለው ሰፈር በተከራየኋት ክፍል አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ለቴሌግራም ግሩፓችን የድምፅ መልእክት እየቀዳሁ ነበር። ግሩፑን የከፈትነው እኔና ጓደኛዬ ፈቲያ ነን። ሁለታችንም ጅማ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ እናስተምራለን፤ እኔ ከሆሳዕና የመጣሁ፣ እሷ እዚሁ አቅራቢያ ያለችው የሸቤ ልጅ። በየሳምንቱ አንድ ሰው ሰሞኑን የወደደውን ዘፈን ወይም አልበም ይዞ ይመጣና ለምን እንደወደደው ይነግረናል። ደንባችን አንድ ብቻ ነው፤ ዘፋኙ ያለ አሳታሚ፣ በራሱ አቅም የሠራው መሆን አለበት። እኛ ኢንዲ ፖፕ የምንለው እሱን ነው። መኝታ ቤት ውስጥ በአንድ ማይክና በአንድ ላፕቶፕ የተቀዳ፣ አንዳንዴ ከጀርባው የጎረቤት ውሻ ሲጮህ የሚሰማበት።

የዚያን ቀን ተራው የእኔ ነበር። ልናገርለት የፈለግኩት «ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም» የሚለውን አልበም ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከሰማሁት ሁሉ እሱን የሚበልጥብኝ የለም። አንዲት ልጅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻዋን እየኖረች የሠራችው ነው፤ ዘፈኖቹ አጫጭር ናቸው፣ ድምፅዋ ጆሮዬ ሥር የምታንሾካሹክ ያህል ቅርብ ነው። «ይህ አልበም» ልል አፌን ስከፍት መንጋጋዬ መሀል ላይ ቆመ። እንደገና ሞከርኩ። አሁንም ቆመ። እንደምንም ጨርሼ ላክሁት።

ፈቲያ ወዲያው መለሰች። «ሰሊ፣ ምን እያኘክሽ ነው የምታወሪው?»

ከሰዓት በኋላ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ያየኝ ባለሙያ የመጨረሻው መንጋጋ ጥርሴ እየወጣ እንደሆነ ነግሮኝ ማስታገሻ ሰጠኝ። አልፈርድበትም። እኔም ያሰብኩት እሱኑ ነበር።

በማግስቱ አንገቴ አልዞር አለ። ውሃ ልጠጣ ብሞክር በአፍንጫዬ ተመለሰ። ፈቲያ ሻይ ልትጠጣ ስትመጣ በሩን ከፈትኩላት። አየችኝና ሳቀች።

«ምን ያስቅሻል?» አለችኝ።

እየሳቅኩ አልነበረም። የፊቴ ጡንቻዎች ተወጥረው ከንፈሬን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስበውት ነው። ሐኪሞች ሪሰስ ሳርዶኒከስ ይሉታል። ዓይኔን ስታይ ሳቋ ጠፋ። «ማል ታቴ? ምን ሆነሽ ነው?» እያለች ነጠላዬን አልብሳ ባጃጅ ውስጥ አስገባችኝ። መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር ጀርባዬ እንደ ቀስት ይለጠጥ ነበር።

ሆስፒታል ያገኘችን ዶክተር ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ የማትቸኩል ሴት ነበረች። በጥርሶቼ መሀል የእንጨት ስፓቹላ አስገብታ የጉሮሮዬን ጀርባ ነካች። ጤነኛ ሰውን ያቅለሸልሸዋል። እኔ ግን እንጨቱን ነከስኩት። መልቀቅ አልቻልኩም።

«ሰሞኑን የቆሰልሽበት ቦታ አለ?»

የለም ለማለት እጄን አወዛወዝኩ። ፈቲያ ግን «ሸቤ!» አለች። «እግሯን! እኛ ቤት ቡና ስንለቅም!»

ረስቼው ነበር። የአባቷ ማሳ ውስጥ ተቆርጦ የቀረ የቡና ጉቶ በነጠላ ጫማዬ አልፎ ተረከዜን ወግቶኝ ነበር። በውሃ አጠብኩት፣ በጨርቅ አሰርኩት፣ መልቀሜን ቀጠልኩ። ከላይ ድኗል። ከውስጥ አልዳነም።

ዶክተሯ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «ቲታነስ ነው፤ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው። ይህ በሽታ አእምሮን አይነካም። የሚደረገውን ሁሉ እያወቅሽ ነው የምታልፊው፤ ስለዚህ እውነቱን ልንገርሽ። ከዚህም ይብስብሻል። ከዛሬ ጀምሮ ብርሃንም፣ ንክኪም፣ ድምፅም ሰውነትሽን ያንዘፈዝፈዋል። ከሁሉም በላይ ድምፅ።»

ቁስሉን ከፍተው አጸዱት። የበሽታውን መርዝ የሚያከሽፍ አንቲቶክሲን ወጉኝ። ሜትሮኒዳዞል፣ የሚያስተኛው ዲያዜፓም፣ በግሉኮስ ማግኒዥየም ሰልፌት። መጋረጃው ተዘጋ። ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ተደረገ። አንዲት ነርስ በጣቷ ዝም በይ የሚል ምልክት ለፈቲያ አሳይታ ወጣች።

ከዚያ የፈቲያ ስልክ ጮኸ።

የጥሪ ድምፅዋ «ሁለት ፐርሰንት» ነበር። የስልኩ ባትሪ ሊያልቅ ሁለት ፐርሰንት ቀርቶት ለፍቅረኛው የሚደውል ልጅ ዘፈን ነው። ሁለታችንም እንወደዋለን፤ ስልኳ ላይ የጫንኩላትም እኔ ነኝ። ከበሮው ሲገባ ሰውነቴ ተያዘ። ጭንቅላቴ ወደ ኋላ ሄደ። ጀርባዬ ከአልጋው ተነሳ። አልጋው ላይ ተረከዜና የራስ ቅሌ ብቻ ቀሩ። መተንፈስ አልቻልኩም። መጮህ አልቻልኩም። ሁሉንም ሰማሁ። ከበሮውን። ዜማውን። ፈቲያ ቦርሳዋን ስትበረብር።

ሲለቀኝ ፈቲያ ስልኩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ድምፅ ሳታሰማ።

እናቴ ከሆሳዕና ስትደርስ ከእሷ ጋር የጸሎት ሰዎች ነበሩ፤ ጅማ ያሉ የአገራችን ልጆች። እኛ ዘንድ ለታመመ ሰው ሲጸለይ ጮክ ተብሎ፣ እጅ ተጭኖ ነው። እኔ በዲያዜፓም ውስጥ ሆኜ የሰማሁት የእግር ኮቴ ብቻ ነው። የቀረውን እናቴ በኋላ ነገረችኝ።

ፈቲያ በሩ ላይ ቆመችባቸው። «እናቴ፣ ይጸልዩላት። እኔም ዱዓ እያደረግኩላት ነው። ግን ድምፅ እንዳያወጡ፣ በአላህ።»

ከመሀላቸው አንድ ሰውዬ ተቆጣ። «ለልጃችን እንዳንጸልይ የምትከለክዪን አንቺ ማነሽ?»

«እኔ ስልኬን ሳላጠፋ ልገድላት ነበር» አለችው። «እርስዎም እንደ እኔ እንዳይሆኑ ነው።»

እናቴ ሰውየውን አየችው፣ ፈቲያን አየቻት። ጫማዋን አወለቀች። «ያየችው እሷ ናት፤ የምትለውን ስሟት» ብላ ብቻዋን ገባች። ሌሎቹ ግቢ ወጥተው ጸለዩ። ዓይኔን ስገልጥ እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ድምፅ አልነበረውም። እንደዚያ ስትጸልይ አይቻት አላውቅም።

ጭንቅላቴ ውስጥ የሚዘፈነውን ግን ማንም ሊከለክለኝ አይችልም ነበር። «ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም»ን ከመጀመሪያው ዘፈን እጀምራለሁ፤ ልጅቷ ውሃ የሞላ ጄሪካን ይዛ ደረጃ የምትወጣበት። ቀጥሎ ጣሪያ ላይ ስለተሰጣና ዝናብ ስለመታው ልብስ የምታዜመው ይመጣል። መድኃኒቱ ይወስደኛል። ስነቃ የት እንደደረስኩ አላውቅም። ከጄሪካኑ እጀምራለሁ። ደግሞ ይወስደኛል። መጨረሻው ላይ ደርሼ አላውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጉሮሮዬ ተዘጋ። አየር አልገባም። ጣሪያው ጠቆረ። እናቴን ከክፍሉ አስወጧት። ቱቦ ገባ፣ የሚያስተነፍስ ማሽን፣ ቬንቲሌተር፣ ተገጠመ። ዶክተሯ ፊቴ ላይ ጎንበስ አለች። «ሰላማዊት፣ አንገትሽ ላይ ቀዳዳ ከፍተን በዚያ ትተነፍሻለሽ። ለጊዜው ድምፅ አይኖርሽም። ይመለሳል።»

ይመለሳል ያለችውን ያዝኩ። ሌላ የምይዘው አልነበረም።

ያዳነኝ አንድ ነገር ነው ብዬ ልነግራችሁ አልችልም፤ መርዙ ነርቭን ከያዘ በኋላ የሚነቅለው መድኃኒት ስለሌለ፣ ሐኪሞቹ የሚያደርጉት ሰውነት በራሱ እስኪያገግም ድረስ እንዳትሞቱ መጠበቅ ነው፣ እነሱም ጠበቁኝ። ሳምንታት አለፉ፤ መንዘፍዘፉ እየራቀ፣ እያጠረ ሄደ፣ ከዚያ ቬንቲሌተሩ ወጣ፣ ከዚያ መጋረጃው በትንሹ ተከፈተና ከመስኮቱ ውጭ ዝናብ እየዘነበ እንደሆነ አየሁ።

ሙዚቃ ይፈቀድልኝ እንደሆነ የጠየቀችው ፈቲያ ናት። ዶክተሯ መለሰችላት። «አንድ ዘፈን። በጣም ዝቅ አድርገሽ። እኔ እዚህ ቆሜ።»

ድምፅ ስላልነበረኝ የምፈልገውን በጣቴ በፈቲያ መዳፍ ላይ ጻፍኩት። የመረጥኩት የልብሱን ዘፈን ነው፤ ከበሮ የለውም፣ ጊታር ብቻ ነው፣ ጊታሩም ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ፈቲያ ስልኩን ፎጣ ውስጥ ጠቅልላ እግሬ ሥር አስቀመጠችው። ዶክተሯ የዲያዜፓሙን መርፌ በእጇ አዘጋጅታ ቆመች። የመጀመሪያው ክር ሲመታ መንጋጋዬ ጠበቀ። በሽታው ይሁን ፍርሃቴ መለየት አልቻልኩም። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ሁለተኛው ክር መጣ። ልጅቷ ማዜም ጀመረች። ጠበቅኩ። ጀርባዬ አልተነሳም። ትከሻዬ ከአልጋው ጋር እንደነበረ ነበር። መንጋጋዬም ቀስ እያለ፣ ራሱ በራሱ ለቀቀ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ዶክተሯ መርፌውን ትሪው ላይ መልሳ «ይህን ዘፈን ለእኔም ላኪልኝ» አለቻት ፈቲያን።

ከዚያ በኋላ በቀን አንድ ተፈቀደልኝ። ፈቲያ ግሩፑ ላይ ነገሩን ጻፈችው፤ ሰዎች ጮክ የማይሉ፣ በድንገት የማይጀምሩ ዘፈኖችን ፈልገው መላክ ጀመሩ። ሰርቦ ከተማ የምታስተምር አንዲት የግሩፑ አባል በኦሮምኛ የተዘፈነ፣ ጠዋት ገበያ የሚሄዱ ሴቶችን ወግ የመሰለ ዘፈን ላከችልኝ፤ አሁን ከምወዳቸው አንዱ ነው። ሌላው ዓይነ ስውር ወንድሙ በኪቦርድ የተጫወተውን፣ ቃል የሌለውን አጭር አልበም ላከ፤ መራመድ የተማርኩት በእሱ ነው፣ የሆስፒታሉን ኮሪደር በወከር እየተደገፍኩ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ስሄድ ፈቲያ አንዱን ማዳመጫ ለእኔ አንዱን ለራሷ አድርጋ ከጎኔ ትሄድ ነበር። ከመዝሙር ሌላ የማትሰማው እናቴ እንኳ አንድ ቀን «ያቺ ልብሷ የዘነበባት ልጅ የለችም ዛሬ?» ብላ አሳቀችኝ። ሳቁ የእኔ ነበር፤ አንገቴ ላይ ያለው ቀዳዳ ተዘግቶ ድምፄ እየሻከረ መመለስ ጀምሮ ነበር።

«ሁለት ፐርሰንት»ን እስካሁን አልሰማሁትም። ፈቲያም ከስልኳ አጥፍታዋለች። ዘፈኑ ምንም አላጠፋም፤ ጥሩ ዘፈን ነው፣ እናንተ ስሙት።

አሁን እናንተ፣ ወይም ልጃችሁ፣ ወይም እናታችሁ በዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ካላችሁ፣ የምነግራችሁ ይህን ነው። በሽተኛው ይሰማችኋል። ፊቱ የሚስቅ ቢመስልም፣ ዓይኑ ቢከደንም፣ ይሰማል። ስለዚህ በሩ ላይ «ትተርፋለች?» ብላችሁ አትጠያየቁ። ስልካችሁን ከመግባታችሁ በፊት አጥፉ፤ ድምፁን መቀነስ አይበቃም። ከመንካታችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ። ሙዚቃ የሚወድ ሰው ከሆነ ያላችሁበት ሆናችሁ ዘፈን ምረጡለት፤ ለመስማት ፈቃድ እስኪያገኝ ይጠብቀዋል።

እስካሁን ጤነኛ ለሆናችሁ ደግሞ፣ እሾህም ሆነ ሚስማር ወይም ጉቶ ሲወጋችሁ በውሃ አጥባችሁ ብቻ አትተዉት፤ ጤና ጣቢያ ሂዱና አሳዩት። አፍ አልከፈት ሲል ሁልጊዜ ጥርስ አይደለም።

የዝምታ ክፍሌን የጠበቁልኝን ነርሶች አመሰግናለሁ። ዶክተሯን አመሰግናለሁ። ተቆጥቶ ግቢ ወጥቶ የጸለየልኝን ሰውዬ አመሰግናለሁ፤ በኋላ ብርቱካን ይዞ መጥቶ ፈቲያን ይቅርታ ጠይቋታል። ፈቲያን እንዴት እንደማመሰግናት አላውቅም። «ጋላቶሚ» ስላት «ተይ ባክሽ» ብላ ወሬ ትቀይራለች።

ከሆስፒታል ስወጣ ዶክተሯ አንድ ያላወቅኩትን ነገር ነገረችኝ። «ቲታነስ አንዴ ስለያዘሽ ዳግም አይይዝሽም ማለት አይደለም። ሰውነትሽ ከዚህ በሽታ ምንም አልተማረም። መከተብ አለብሽ።» ያን ሁሉ አሳልፌ ያለ መከላከያ መውጣቴን ማመን አቃተኝ። ወደ ክትባት ክፍሉ በወከሬ እየተጎተትኩ ሄድኩ። እናቴና ፈቲያ ተከተሉኝ።

ነርሷ እጅጌዬን ስትጠቀልል እናቴ የራሷን መጠቅለል ጀመረች። ፈቲያም ጀመረች።

«ማን ነው የሚከተበው?» አለች ነርሷ ግራ ገብቷት።

«ሦስታችንም» አልኳት፣ በሻከረችው ድምፄ፣ አፌን በሙሉ ከፍቼ።